የእርሳስ መስመር የዋጠው ቤት

ልደታ ማርያም ደጃፍ ጧፍ የምትሸጠውን ትርፌን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ለሰፈሩ እንግዳ ነው ወይ ሲሳለም ዓይኑን ይጨፍናል። ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ቀጭኑ መንገድ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር መንገዱ የተከፈለው በቤቱ ምክንያት ነው። ባሏ ገብረጊዮርጊስ አናጢ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ቦታውን ሲገዛ ሻጩ «እስከ መንገዱ ድረስ ያንተ ነው» አለው፤ የትኛው የመንገዱ ጠርዝ እንደሆነ ግን ሁለቱም አልተጠያየቁም። ገብረጊዮርጊስ ቤቱን ጨርሶ ጣሪያውን ሲመታ፣ መንገዱ መጥቶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ሰፈርተኛው አልተጣላውም። ግማሹ በላይ በኩል፣ ግማሹ በታች በኩል እየዞረ ማለፍ ጀመረ፤ እያደር ሁለት ቀጫጭን መንገዶች ወጡ፣ ቤቱም በመካከላቸው እንደ ደሴት ቀረ።

ገብረጊዮርጊስ በዚህ ይኮራ ነበር። ማታ ማታ ደጁ ላይ ተቀምጦ ላለፈ ላገደመው ሁሉ «መንገድ ዞሮኝ ይሄዳል እንጂ እኔ ለመንገድ አልዞርም» ይላል። ኩራቱን ሳይጠግብ የሳንባ ምች ወሰደው፤ ደሴቱ ለትርፌና ለአንድ ልጇ ለፍሰሐ ቀረ።

ከዚያ አብዮት መጣ፣ ከአብዮቱ ጋር ቀበሌ መጣ። ከተማው ሲሸነሸን፣ በሩቅ አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ካርታ ዘርግቶ «በላይኛውና በታችኛው ቀበሌ መሀል ያለው ድንበር በዚህ ቀጭን መንገድ ይሂድ» አለና በእርሳስ አሰመረ። ካርታው ላይ ሁለቱ መንገዶች አንድ ነበሩ። እርሳሱም ከጠዋት ጀምሮ ያልተቀረጸ ሳይሆን አይቀርም። የትርፌ ቤት ከነጓሮው፣ ከነዶሮዎቹ፣ ከነልጇ እርሳሱ ስር ገባ።

ትርፌ ይህን ያወቀችው ለስኳር ስትሰለፍ ነው። የላይኛው ቀበሌ ሊቀመንበር ከላይ እስከ ታች አያትና «እትዬ፣ የእኛ ድንበር ላይኛው መንገድ ላይ ያበቃል። እርስዎ ከመንገዱ ማዶ ነዎት» አላት።

ወደ ታችኛው ወረደች። እዚያ አስፋው የሚባል፣ ድሮ ሥጋ ቤት የነበረው ሰውዬ ተሹሟል። ሥልጣኑን ከያዘ ወዲህ ድምፁ ወፍሯል እንጂ ቢላዋ የለመደ እጁ አሁንም ሲናገር አየሩን ይቆራርጣል።

«የእኛ ድንበር ታችኛው መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው» አላት። «እርስዎ ከመንገዱ ማዶ ነዎት።»

«ታዲያ እኔ የት ነኝ?»

«እሱ ይጣራል።»

መጣራቱ ዓመታት ፈጀ። ስኳር የለም፣ ዘይት የለም፣ ሳሙና የለም። የሰፈሩ ሰው ግን ቀልድ አላጣም። «ትርፌ፣ ከውጭ አገር መቼ ገባሽ?» ይላታል አንዱ። «የደሴቷ መንግሥት እንዴት አደሩ?» ይላታል ሌላው። እሷም አትተኛላቸውም፤ «እናንተ ስኳር አላችሁ፣ እኔ ስብሰባ የለብኝም፤ እንለዋወጥ?» ስትል ሁሉም መንገዱን ይቀጥላል። የእሁድ ስብሰባ በሁለቱም ቀበሌ እስከ ምሳ ሰዓት አልፎ እየሄደ የሰው ወገብ ሲቆርጥ፣ እሷ ደጇ ላይ ተቀምጣ ፈትሏን በሰም ትነክራለችና።

እሷን ያልሳታት ዕድሩ ብቻ ነው። ዕድር ካርታ አይዘረጋም፤ ጥሩንባ ነፊው በእግሩ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ በሩን የሚያገኘው ሁሉ አባል ነው። ስኳሩን ደግሞ ነፊሳ ነበረች የምትችላት። ነፊሳ ከላይኛው መንገድ ማዶ፣ በር ለበር የምትኖር፣ ተክለ ሃይማኖት ሄዳ ጨርቃ ጨርቅ የምትቸረችር ጎረቤቷ ናት። የራሷን ራሽን አምጥታ ፊት ለፊቷ ለሁለት ታካፍላታለች። «እንቺ፣ ከላይኛው መንግሥት የተላከ ዕርዳታ» ትላታለች። ልጇ በከርና ፍሰሐ በአንድ የጨርቅ ኳስ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ያለቅሳል።

ሳቁ እስከዚህ ድረስ ነበር።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። እያንዳንዱ ቀበሌ ይህን ያህል ወጣት ያቅርብ ተባለ፤ ኮታ የሚባለው ነገር ከስኳር ወደ ልጅ ተሻገረ። ከላይኛው ቀበሌ ከተጠሩት አንዱ በከር ነበር። ነፊሳ እስከ መኪናው ሸኝታው ስትመለስ የራስ ሻሿን አውልቃ በእጇ ጨብጣ ነበር፤ ያን ቀን ያያት ሁሉ ፊቱን አዞረ።

ፍሰሐን ማንም አልጠራውም። ማን ይጥራው? ለላይኛውም ከመንገድ ማዶ ነው፣ ለታችኛውም ከመንገድ ማዶ ነው። ያን ዕለት ትርፌ ነገሩ ገባት። ከምትሸጠው ጧፍ ረጅሙን መረጠች፣ ማርያም ፊት አበራችው፣ ስሙን ለማታውቀው ለዚያ እርሳሱን ሳይቀርጽ ላሰመረው ሰውዬ ዕድሜ ለመነችለት። ከዚያ በኋላ «መጣራቱ ምን ደረሰ?» ብላ የትኛውንም ቀበሌ አልጠየቀችም።

ይህ ከቦኖ ውሃ ቀጂዎቹ ዓይን አላመለጠም። «ለስኳር አገር ይያዝ ስትል የነበረችው አሁን ስኳሩ መረራት» አለች አንዷ፣ ትርፌ እንድትሰማ አድርጋ። ትርፌ እንስራዋን ሞላችና ሄደች። ነፊሳ ስኳሩን ማካፈሏን አልተወችም። ግን እንደ ድሮው ገብታ አትቀመጥም፤ በሩ ላይ ቆማ ትሰጣትና «ሥራ አለብኝ» ብላ ትመለሳለች። ትርፌ ያንን ስኳር ሻይ ውስጥ ስትጨምረው የሚጣፍጥ ነገር አልነበረውም።

ፍሰሐ ግን እያደገ ነው። መታወቂያ የለውም፤ መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ ነው፣ እሱ ቀበሌ የለውም። አንድ ማተሚያ ቤት እጁን አይቶ ሊቀጥረው ፈልጎ «መታወቂያህን ይዘህ ና» አለው፤ ሳይመለስ ቀረ። የአብዮት ጥበቃ ባየ ቁጥር ወደ ጓሮ ይጠመዘዛል። ከልደታ እስከ ተክለ ሃይማኖት የሚሄደው እንደ ሌባ አጥር ለአጥር ነው።

አንድ ምሳ ላይ እንጀራውን እየቆረሰ «እማዬ፣ እኔ አለሁ?» አላት።

«ይኸው እየበላህ አይደል?»

«መብላትማ ዶሮዎቹም ይበላሉ።»

«ዝም ብለህ ብላ።»

«በከር ሄደ። ቢሞትም በከር ነው፣ ቢመለስም በከር ነው። እኔ እዚህ ስኖር ምንድን ነኝ? ነፊሳ ሰላም ስላት ዓይኗን የት እንደምታሳርፈው ታጣለች። ሥራ ይዤ፣ ደመወዝ አምጥቼ፣ እንደ ሰው በዋናው መንገድ ልሂድ እንጂ።»

እሱ ከተነሣ በኋላ ትርፌ ያስተረፈውን ቁራሽ በእጇ ይዛ ብዙ ተቀመጠች። አንድ የምትፈልገው ነገር ልጇ በሕይወት እንዲኖር ነበር፤ እሱ ደግሞ ይህን መኖር አልለውም አላት።

ልደታ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ትነግሣለች፤ ያን ቀን ደጀ ሰላሙ ሰው ይሞላዋል፣ ወሬም ከጧፍ እኩል ይሸጣል። በአንዱ ልደታ «የታችኛው ቀበሌ ኮታው ሞላ፤ ከእንግዲህ የሚወሰደው ከገጠር ነው» የሚል ወሬ መጣ። ትርፌ ሰምታ ዝም አላለችም፤ አጣራች። አንዷን ጠየቀች፣ እውነት ነው አለቻት። ሌላዋን ጠየቀች፣ እውነት ነው አለቻት። ሦስተኛዋም ማለችላት። ሦስቱም የሰሙት ከአንዲት የአስፋው ልብስ አጣቢ መሆኑን ግን መጠየቅ አልመጣላትም። እዚህ ሰፈር ሦስት ሰው ያለው ነገር በሬዲዮ ከተነገረው ይበልጣል።

ወደ ሚደቅሳ ሄደች። ሚደቅሳ ነፊሳ ግቢ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል የተከራየ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ባንዱ ካርታ የሚስል፣ ጣቱ ከቀለም ጠርቶ የማያውቅ ወጣት ነው። ያን የጥንቱን መስመር ያሰመረው እሱ አይደለም፤ ያኔ ገና ተማሪ ነበር። የቤቱን ነገር ግን ያውቀዋል፤ የሰፈሩ ሰው ከሞያው ጋር የሚገናኝ ቀልድ ሲያገኝ እሱን ሳያሰማ አያድርምና።

«እትዬ ትርፌ፣ ነገሩ ክፋት አይደለም፤ ስኬል ነው» አላት፣ ወንበር እየሳበላት።

«እሱ ደግሞ ማነው?»

«ሰው አይደለም። አገሩ ወረቀት ላይ እንዲገባ የምናሳንስበት ልክ ነው። በድሮው ካርታ አንድ ሳንቲ ሜትር ማለት መቶ ሜትር ነበር።» ከዘንቢሏ አንድ ጧፍ መዘዘና ጠረጴዛው ላይ አጋደማት። «ይቺን እዚያ ካርታ ላይ ብናስተኛት፣ ውፍረቷ ብቻ ሠላሳ ሜትር ይሸፍናል። ሁለት መንገድና አንድ ቤት ቢገቡባት አይታዩም።»

«የኔን ቤት ጧፍ ዋጠው ነው የምትለኝ?»

«ጧፍማ በዛ። ውስጡ ያለው ክር ይበቃዋል።»

ትርፌ ጧፏን መልሳ አየቻት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትነክር ኖራለች።

«አሁን የምንሠራው ካርታ ግን ሰፊ ነው» ሲል ቀጠለ። «አንድ ሳንቲ ሜትር አሥር ሜትር ብቻ። ቤትዎ ሽምብራ ታክላለች፤ መንገዶቹም ለየብቻ ይወጣሉ። ድንበሩ ከሁለቱ በአንዱ መሄድ አለበት። አለቃዬ የሚፈርመው እኔ በቀለም ያወጣሁትን ነው። ግን እትዬ፣ ቤቱ ሲታይ በሩም ይታያል። ፍሰሐን አስበዋል?»

«እሱን አስቤ ነው የመጣሁት።»

«ካልፈለጉ እርሳሱን አወፍረዋለሁ። ማንም አያውቅም።»

ይህን ሲላት ልቧ ወደ ኋላ ጎተታት። ከዚያ ልጇ ዶሮዎቹም ይበላሉ ያለው ትዝ አላት፣ የሦስቱ ሴቶች መሐላም ትዝ አላት። «ድንበሩን በላይኛው መንገድ አስኪደው» አለችው። «ወደ ታችኛው ቀበሌ አስገባኝ። የእነሱ ኮታ ሞልቷል።»

በሯ ላይ የቤት ቁጥር ተመታ። የስኳር ካርድ ተሰጣት። በመጀመሪያው ወር ስኳሩን ለሁለት ከፍላ፣ ትልቁን ግማሽ ይዛ ወደ ነፊሳ ተሻገረች።

«የት አመጣሽው?» አለች ነፊሳ።

«ከቀበሌዬ።»

ነፊሳ ስኳሩን አልተቀበለቻትም። ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ምነው ትርፌ» አለች። «ምነው እዚያው መስመሩ ስር ብትተኚ?»

«ኮታቸው ሞልቷል እኮ።»

«የኔም ጊዜ ሞልቷል ብለውኝ ነበር።»

ኮታውስ በእርግጥ ሞልቶ ነበር። ወሬው ውሸት አልነበረም። ግን ከተሰበሰቡት ልጆች አንዱ የቀበሌውን አጥር ዘሎ ጠፋ፤ የሞላው ጎደለ። አስፋው ጎዶሎውን የሚሞላ ሲፈልግ፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀው የቤት ቁጥር ዓይኑ ውስጥ ገባ። የላይኛው ቀበሌ ሊቀመንበር ይህን ሲሰማ ከአፉ እንደተነጠቀ ሰው ተቆጣ አሉ፤ «ያ ቤት እኮ የእኛ ነበር» ብሎ እስከ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ድረስ አመለከተ። ለስኳር ሁለቱም ያልፈለጓት ትርፌ፣ ለልጇ ሁለት ቀበሌ ተጣላባት።

ፍሰሐ መታወቂያው ደርሷል ተብሎ ተጠራ። ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ የአባቱን ኮት ለብሶ ሄደ። ትርፌም አብራው ሄዳ በፊት ለፊቱ በር ቆማ ጠበቀች። መታወቂያውን ሰጡት፣ አስፈረሙት፣ በጓሮው በር አስወጡት። እሷ መኪናው ሲነሣ ድምፁን ሰማች፤ የእንጨት ጭነት መሰላት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ለፈቃድ የመጣ አንድ ወታደር ፈልጓት መጣ። ፍሰሐ ደህና ነው፣ ሰሜን ነው ያለው፣ ማይ ጽላል የምትባል ቦታ አጠገብ ምሽግ ጉድጓድ ውስጥ ነው አላት። «እናትህን ሳገኛት ምን ልበላት ብዬው ነበር» አለ ወታደሩ። «በዋናው መንገድ እየሄድኩ ነው በላት አለኝ።»

ትርፌ የቦታዋን ስም እንዳትረሳው ለራሷ እየደጋገመች ሚደቅሳ ዘንድ ደረሰች። እሱም የአገሩን ካርታ አልጋው ላይ ዘረጋው። ትርፌ ጎንበስ ብላ በጣቷ ከአዲስ አበባ ተነሥታ ወደ ሰሜን ወጣች። ሁለት ስንዝር አልሞላም።

«ቅርብ ነው እኮ» አለች።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ሃያ ኪሎ ሜትር ነው።»

«ማይ ጽላል የትኛዋ ናት?»

ሚደቅሳ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበ። የለችም። «ትንሽ ቦታ ትሆናለች» አላት። «በዚህ ልክ ትንንሽ ቦታ አይወጣም።»

«እንደኔ ቤት ማለት ነው?»

«እንደርስዎ ቤት።»

ትርፌ ቀና አለች። ልጇ ከሄደ ወዲህ ሚደቅሳ ፊቷ ሲበራ ያያት ያን ቀን ነው። «እንግዲያ አያገኙትም» አለች። «ካርታ ላይ የሌለ ሰው ምን ይደርስበታል? ያኔ የተገኘው እኔ ካርታ ላይ ስለወጣሁ ነው።» እሱ ሊያርማት ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። ካርታውንም ከሚገባው በላይ አጥብቆ ጠቀለለው።

ከዚያ በኋላ ደጀ ሰላም ጧፍ የገዛት ሁሉ ይህን ሰምቷል። «ልጄ ያለበት ቦታ ካርታ ላይ የለችም» ትላለች፣ መልሱን እየሰጠች። ገዢው እግዜር ይጠብቀው ብሎ ያልፋል፤ ሌላ ምን ይላል? በየወሩም ማርያምን የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፦ ያን አገር የሚያህል ሰፊ ካርታ የሚሠራ ሰው እንዳይመጣ።

በከር በአንድ እግሩ ተመለሰ። ነፊሳ ልጇን ደጅ አስቀምጣ ፀሐይ ስታሞቀው፣ ትርፌ ስታልፍ ቶሎ ብላ ወደ ጓዳ ትገባ ጀመር፤ አሁን ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ የምታጣው በሌላ ምክንያት ነበር። አንድ ቀን ትርፌ ራሷ ገባችና በከርን ግንባሩን ሳመችው፣ የቀረውን ጉልበቱን ዳበሰችው። «አንተ ታየህ» አለችው። «እሱ አልታየም። ይመጣል።»

መርዶው የመጣው በንጋት ነው፣ እንደ ወጉ። የቀበሌው ሰዎች ቤቱን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ በሩ ላይ ቁጥሩ አለ። ከኋላቸው የዕድሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ነፊሳ ናት። ትርፌ በሩን ከፈተች። ከሁሉም አልፋ ነፊሳን አየቻት። ነፊሳ ዓይኗን አልሸሸገችም፤ ያኔ ገባት።

ድንኳኑ ሲተከል ሌላ ቦታ አልነበረምና ሁለቱንም መንገድ ዘጋ። ከላይ የሚመጣውም ከታች የሚመጣውም እዚያው ተቀመጠ። ሁለቱ ሊቃነ መናብርት አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው መሬት መሬት ሲያዩ ዋሉ። አስፋው እጁን ጉልበቶቹ መሀል አስገብቶ ነበር፤ የሚቆራርጠው አየር አልነበረውም። ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ «የት ተቀበረ?» ይላል፤ መልሱ «እዚያው አካባቢ» ነው። የት አካባቢ እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

አርባው ካለፈ በኋላ ትርፌ ጥቁሯን እንደለበሰች ሚደቅሳ ክፍል ገባች። ወንበር ቢስብላትም አልተቀመጠችም።

«ያን ካርታ አምጣው።»

ዘረጋላት።

«አሁን ማይ ጽላልን አውጣልኝ።»

«እትዬ ትርፌ፣ እዚህ ላይ እኮ...» አለ ሚደቅሳ፣ ካርታውን በመዳፉ እያቃና። «የት እንደሆነች በትክክል አላውቅም። በግምት ባስቀምጣት እንኳ፣ በዚህ ስኬል አንዲት ነጥብ ሁለት ኪሎ ሜትር ትሸፍናለች። ትክክል አይሆንም።»

«ሁለት ኪሎ ሜትር?»

«እርሳሱ ከደነዘ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።»

ትርፌ ጠረጴዛው ላይ ካሉት እርሳሶች ጫፉ የደነዘውን መርጣ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«የት ጋ እንደተኛ ማንም አልነገረኝም» አለች። «እንግዲህ ትስፋ። የተኛበት ሁሉ ስሯ ይግባ።»

ሚደቅሳ ወረቀቱን በግራ እጁ ያዘና ነጥቧን አሳረፈ። ትርፌ ጎንበስ ብላ አየቻት። ከዚያ ትንሽ ጨምርባት አለችው፤ እሱም ጨመረባት።